የመኪናው ባለቤትና የመሥመሩ ባለቤት፦ በአሜሪካን አገር የጥቅል ዕቃ ማመላለሻ ኮንትራት ታሪክ

ማርች 3 ቀን 1845 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ናቸው ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት አንድ የፖስታ ሕግ አወጣ። ፖስታ ቤቱ የመልእክት ማመላለሻ ሥራን ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ተጫራቹ በሠረገላ ይሂድ፣ በፈረስ ይሂድ፣ በጀልባም ይሂድ ሳይመርጥ፣ ፍጥነትን፣ እርግጠኝነትንና ደኅንነትን ጠብቆ በዝቅተኛ ዋጋ ለሚያደርስ ሰው እንዲሰጥ ሕጉ አዘዘ። የፖስታ ቤቱ ጸሐፊዎች ሦስቱን ቃላት በየመዝገቡ ደጋግሞ መጻፍ ቢሰለቻቸው በምትካቸው ሦስት የኮከብ ምልክቶች ያኖሩ ጀመር። ከዚያ ወዲህ መሥመሮቹ «የኮከብ መሥመሮች» ተባሉ፤ ይህም ስም እስከ 1970 ድረስ በመንግሥት መዝገብ ጸንቶ ቆየ።

ሕጉ ያመጣው ለውጥ ከስሙ ይልቅ የከበደ ነበር። ቀድሞ የመልእክት ሥራ በአመዛኙ ለትልልቆቹ የሠረገላ ኩባንያዎች ያደላ ነበር፤ አሁን ግን አንድ ፈረስና አንድ ኮርቻ ያለው የገጠር ሰው ሁሉ የመንግሥት ተቋራጭ ለመሆን በር ተከፈተለት። ውሉ ብዙውን ጊዜ ለአራት ዓመት የሚጸና ነበር። ፈረሱ፣ ሠረገላው፣ ድርቆሹ፣ የመንገዱ ጭቃና የክረምቱ በረዶ የተቋራጩ ዕዳ ሲሆኑ፣ ደብዳቤውና መሥመሩ የፖስታ ቤቱ ነበሩ። ከ1895 እስከ 1903 በሞንታና ግዛት በካስኬድ ከተማ ይህን ሥራ ይዛ የነበረችው ሜሪ ፊልድስ፣ በባርነት ተወልዳ፣ ዕድሜዋ ከስድሳ ካለፈ በኋላ ለሁለት የውል ዘመን ፖስታ ያመላለሰች ሴት ናት። በረዶው ፈረሶቹን ባላስኬደ ጊዜ ከረጢቱን በትከሻዋ አድርጋ በእግሯ ትሄድ እንደ ነበር ይተረካል። ተራኪዎቹ ይህን የሚያወሱት ለጉብዝናዋ ምስክር አድርገው ነው፤ ትክክልም ነው። የሒሳብ ሰው ግን ከዚሁ ታሪክ ሌላም ነገር ያነባል፤ ይኸውም በረዶ በወረደ ቀን የሚከስረው ወገን ማን እንደ ነበረ ነው።

በዚያው ዘመን የውሉ ሌላ ገጽታ ተገለጠ። በሩቅ ከተማ ተቀምጠው ብዙ መሥመሮችን በአንድ ጊዜ የሚጫረቱ ነጋዴዎች ተነሡ። እነዚህ ሰዎች ልጓም ሳይጨብጡ ያሸነፉትን መሥመር ለየአካባቢው ባለፈረስ ባነሰ ዋጋ መልሰው ይሰጡ ነበር። ከመካከላቸውም አንዳንዶቹ በዝቅተኛ ዋጋ ካሸነፉ በኋላ ከባለሥልጣኖች ጋር በመመሳጠር፣ ጉዞው ይፋጠን፣ ምልልሱ ይብዛ በሚል ሰበብ ክፍያውን ብዙ እጥፍ አሳደጉት። ነገሩ በ1881 ተጋልጦ ትልቅ ቅሌት ሆነ፤ ሁለት ጊዜም ችሎት ፊት ቀርቦ በ1883 ዋነኞቹ ተከሳሾች በነጻ ተለቀቁ። እንግዲህ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት ጀምሮ በዚህ ሥራ ሦስት ወገኖች ተለይተው ታውቀዋል፤ መሥመሩን የያዘ፣ ውሉን የያዘና ልጓሙን የያዘ። ፈረሱ በመኪና ተተክቶ፣ ፖስታ ቤቱም በግል ኩባንያ ተተክቶ፣ በሦስቱ መካከል ያለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም።

ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። በ1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ፣ በብዙ የአገራችን ክፍል በባለመሬቱ በሬ የሚያርስ ጭሰኛ እኩል ሲካፈል፣ የራሱን በሬ ጠምዶ የሚያርሰው ሲሶውን ለባለመሬቱ ሰጥቶ የቀረውን ይወስድ ነበር። በሬው የራሱ መሆኑ ድርሻውን እንዳሻሻለለት አይካድም። በሬው ገደል ቢገባ ግን ኪሳራው የእሱ ነው፤ ባለመሬቱ ልቀቅ ያለው ዕለትም በሬውን እየነዳ ከመሄድ በቀር በእርሻው ላይ የሚጠይቀው መብት አልነበረውም። መኪናውን ለታላቅ ኩባንያ የሚያኮናትር ሰው ሁኔታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚለየው በሬ መውለጃ ላም ሲኖራት፣ መኪና ግን እያረጀ ከመሄድ በቀር የማይተካ መሆኑ ነው።

የጥቅል ዕቃ ሥራ ግን ሲጀመር በዚህ መንገድ አልነበረም። በ1907 በሲያትል ከተማ ጄምስ ኬሲ የተባለ የ19 ዓመት ወጣት 100 ዶላር ተበድሮ ከጓደኛው ከክሎድ ራያን ጋር የመልእክተኞች ድርጅት አቋቋመ። ይህ ድርጅት በ1919 ዩናይትድ ፓርስል ሰርቪስ የሚለውን ስም ያዘ። ቡናማ ቀለም የተቀቡት መኪናዎች የኩባንያው ሀብት ናቸው፤ ሾፌሮቹም ደመወዝተኞች ሆነው ቲምስተርስ በተባለው የሾፌሮች ማኅበር የታቀፉ ናቸው። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ የደንብ ልብሱን የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ሠራተኛው ሲታመም የሕክምና መድን፣ ሲያረጅም ጡረታ አለው። ይህ ኩባንያ በ1975 በአርባ ስምንቱ ተያያዥ ግዛቶች በሚገኝ አድራሻ ሁሉ ጥቅል ለማድረስ በቃ። የዚህን አሠራር ብርታትም ዋጋም በአንድነት ያሳየው በኦገስት 1997 የተደረገው የሥራ ማቆም አድማ ነበር። 185,000 ያህል ሠራተኞች ለ15 ቀን ሥራ አቁመው፣ ለግማሽ ቀን የሚቀጠሩት ሰዎች ጉዳይ እንዲታይ አስገደዱ። ደመወዝተኛ ማለት አንድ ቀን «አልሠራም» ሊል የሚችል ማለት መሆኑን ተፎካካሪ ኩባንያዎች ሁሉ በዚያ ሰሞን አስተዋሉ።

ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ግን ይህን ያሰበው ከአድማው 12 ዓመት አስቀድሞ ነበር። በጁላይ 1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት የጭነት መኪና ሕግ፣ ከ1935 ጀምሮ የመንግሥት ኮሚሲዮን አጥብቆ ይቆጣጠር የነበረውን የማመላለሻ ሥራ ለውድድር ከፈተው። ሮድዌይ ሰርቪስስ የተባለው ታላቅ የጭነት ድርጅት በ1985 በፒትስበርግ ከተማ ሮድዌይ ፓኬጅ ሲስተም የሚባል ኩባንያ አቋቁሞ ወደ ጥቅል ዕቃ ገበያ ገባ። አዲሱ ኩባንያ ሁለት መሣሪያ ይዞ መጣ። አንደኛው እያንዳንዱን ጥቅል ከእጅ ወደ እጅ የሚከታተልበት ባርኮድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ውል ነው፤ መኪና አልገዛም፣ ሾፌርም አልቀጠረም፤ የራሳቸውን መኪና ይዘው ለሚመጡ ሰዎች መሥመር በኮንትራት ሰጠ። ባርኮዱን ሌሎች ወዲያው ቀዱት። ውሉን ግን ዩናይትድ ፓርስል ሰርቪስ ሊቀዳው አልቻለም፤ የሾፌሮቹ ማኅበር ነበረበትና።

ኩባንያው በጃንዋሪ 1998 ከእናት ድርጅቱ ጋር በፌዴራል ኤክስፕረስ ተገዝቶ፣ በ2000 ፌዴክስ ግራውንድ ተባለ። የፌዴራል ኤክስፕረስ የአውሮፕላን ዕቃ የሚያደርሱት ሾፌሮች ደመወዝተኞች ሲሆኑ፣ የምድሩን ዕቃ የሚያደርሱት ግን ተቋራጮች ሆነው ቀሩ። በአንድ ጎዳና ላይ፣ የአንድ ድርጅት ምልክት ለብሰው፣ አንዱ ሠራተኛ ሌላው «ነጋዴ» ሆነው የሚተላለፉ ሰዎች የታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ላይ የውሉን መልካም ጎን ማስቀደም ፍትሐዊ ይሆናል፤ በውሉ የገቡት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሁሉ ተታለው ገቡ ማለት እነሱንም መናቅ ነውና። አንድ መኪና ያለው ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው ጭነት ማግኘት ነው። በረዥም መንገድ የሚሠራው ባለመኪና ዕቃ ለማግኘት ደላላ ይለምናል፤ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል፤ ሂሳቡን ለመቀበልም ሳምንታት ይጠብቃል። የታላቅ ኩባንያ ተቋራጭ ግን ጧት ተርሚናል ሲደርስ ጭነቱ ተለይቶ ይጠብቀዋል፤ ደንበኛ ፍለጋ አይዞርም፤ ሂሳቡ በየሳምንቱ ይገባለታል፤ ማታም ከልጆቹ ጋር ያድራል። በቆመበት በር ልክ፣ ባደረሰውም ጥቅል ልክ ስለሚከፈለው ቀልጣፋው ከዘገምተኛው ይበልጥ ያገኛል። በግብር በኩልም ነዳጁን፣ ጥገናውንና የመኪናውን የእርጅና ቅናሽ ከገቢው ላይ ያነሣል፤ ይህ ለደመወዝተኛ የማይፈቀድ ነገር ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሥመሩ በኩባንያው ፈቃድ የሚሸጥ የሚለወጥ መሆኑ ነበር። በአንድ መሥመር ጀምሮ ሁለተኛና ሦስተኛ የገዛ፣ ሾፌሮች ቀጥሮ በኋላም ሁሉንም በትርፍ ሸጦ የወጣ ሰው መኖሩ በፍርድ ቤት መዝገብ ሳይቀር የተመሰከረ ነው።

የውሉ ጉዳት የሚታየው ግን ክፍያው በደረሰ ቀን ሳይሆን ዓመቱ ተዘግቶ ሒሳብ ሲተሳሰብ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በ40,000 ዶላር መኪና ገዝቶ አምስት ዓመት ይሠራበታል ቢባል፣ መኪናው በየዓመቱ 8,000 ዶላር ያልቃል ማለት ነው። የሥራውን ቀን 250 ብናደርገው ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በየቀኑ 32 ዶላር ይወጣል። ወለዱ፣ ነዳጁ፣ ጎማው፣ ፍሬኑ፣ መድኑ፣ ከኩባንያው የሚከራየው የባርኮድ ማንበቢያና የደንብ ልብሱ ገና በዚህ ሒሳብ አልገቡም። ሰውየው ቢታመም 32ቱ ዶላር አይታመምም። መኪናው ቢሰበርም መሥመሩ መሸፈን ስላለበት ሌላ መኪናና ሌላ ሰው በራሱ ወጪ ያቀርባል። ለማኅበራዊ ዋስትናና ለአረጋውያን ሕክምና ደመወዝተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7.65 ሲከፍል ቀሪውን እኩሌታ አሠሪው ይከፍልለታል፤ ለራሱ የሚሠራ ሰው ግን ሁለቱንም ወገን ሆኖ ከመቶ 15.3 ይከፍላል። ከዚህ ላይ ገሚሱን ከግብር ገቢው እንዲቀንስ ቢፈቀድለትም ሸክሙ ሸክም ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ የለም፤ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ካሳ የለም፤ ሥራ ለፈታ የሚሰጥ ድጎማም የለም። በየሳምንቱ የሚመጣውን ቼክ እንደ ደመወዝ ቆጥሮ የሚበላ ሰው፣ ሳያውቀው መኪናውን እየቆረሰ ይበላል። ብዙዎች የወደቁት በዚህ ነው።

መንግሥት ይህን አደጋ ጨርሶ አላየም ማለት አይቻልም። የጭነት ሥራን ይቆጣጠር የነበረው የፌዴራል ኮሚሲዮን በ1979 ባወጣው ደንብ፣ መኪናውን ለኩባንያ የሚያከራይ ሰው ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ክፍያው በግልጽ እንዲነገር፣ ከክፍያው ላይ የሚቀነሰው ሁሉ አስቀድሞ እንዲዘረዘር፣ ሰነዱን ባቀረበ በ15 ቀን ውስጥም እንዲከፈለው አዘዘ። መልካም ደንብ ነው። ነገር ግን ይኸው የኪራይ ሕግ ውሉ እስኪያበቃ ድረስ የመኪናው ይዞታ፣ ቁጥጥርና አጠቃቀም የኩባንያው ብቻ እንዲሆን ያዛል። ዓላማው አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው እንዳይጠፋ ነበር። ሆኖም ባለቤትነቱ የአንዱ፣ አዛዥነቱ የሌላው የሆነ መኪና በሕግ ተፈጠረ።

ክርክሩም ወደ ፍርድ ቤት የሄደው በዚሁ በአዛዥነት ነገር ነው። በፌዴክስ ግራውንድ ውል መሠረት መኪናው ኩባንያው የወሰነውን ዓይነት ነጭ ቀለም መቀባት፣ የኩባንያውን ምልክት መለጠፍ፣ የውስጡም መደርደሪያ በተወሰነ ልክ መሠራት ነበረበት። ሾፌሩ የታዘዘውን የደንብ ልብስ ይለብሳል፤ ጢሙን ይላጫል፤ ጠጉሩን ያበጥራል። የቀኑ ጭነት ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት የሚያሠራ ሆኖ ይመደብለታል። የመሥመሩን ክልል ኩባንያው ሊለውጠው ይችላል። ኩባንያው በበኩሉ፣ እኛ ውጤቱን እንጂ አሠራሩን አናዝም፤ ሰውየው መሥመሩን መሸጥ፣ ረዳት መቅጠር፣ ሌላ መሥመር መጨመር ይችላልና ነጋዴ ነው ሲል ተከራከረ።

ሁለቱም ወገን ያሸነፉበት ቦታ አለ። በ2007 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በሎስ አንጀለስ አካባቢ የሚሠሩ ባለአንድ መሥመር ሾፌሮች ተቀጣሪዎች ስለሆኑ ወጪያቸው ሊተካ ይገባል ሲል፣ በ2009 የዋሽንግተኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ደግሞ በማሳቹሴትስ ግዛት በዊልሚንግተን ተርሚናል ማኅበር ለመመሥረት ድምፅ የሰጡት ሾፌሮች ራሳቸውን የቻሉ ተቋራጮች ናቸው ብሎ ለኩባንያው ፈረደ። የዚህ ፍርድ ቤት ምክንያት ሾፌሮቹ የነጋዴ ዕድል አላቸው የሚል ነበር፤ ብዙዎቹ ዕድሉን ባይጠቀሙበትም መኖሩ ይበቃል ባይ ነው። ከልዩ ልዩ ግዛቶች የተነሡት ክሶች በኢንዲያና ባለ አንድ የፌዴራል ዳኛ ዘንድ ተሰብስበው በ2010 በአመዛኙ ለኩባንያው ተወሰኑ። በኦገስት 2014 ግን የዘጠነኛው ክልል ይግባኝ ፍርድ ቤት የካሊፎርኒያንና የኦሬገንን ጉዳይ ገልብጦ ሾፌሮቹ ተቀጣሪዎች ናቸው አለ። ከዳኞቹ አንዱ በጨመሩት ሐሳብ አብርሃም ሊንከን ተናገረው የሚባለውን ጨዋታ አነሡ፤ የውሻ ጅራት እግር ተብሎ ቢጠራ ውሻው ስንት እግር ይኖረዋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ ያው አራት ነው፣ ስም ጅራትን እግር አያደርግምና። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የካንሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ወደዚሁ ፍርድ ደረሰ። ኩባንያው በ2015 ለካሊፎርኒያ ሾፌሮች 228 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2016 ደግሞ በሃያ ግዛቶች ለሚገኙት 240 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የካሊፎርኒያዎቹ ከሳሾች 2,300 ያህል ነበሩ፤ ክሱ የሚመለከተውም ከ2000 እስከ 2007 የሠሩበትን ዘመን ነው። ከመካከላቸው የመጀመሪያውን መኪናውን ሸጦ፣ ሁለተኛውንም አስረጅቶ፣ ገንዘቡ ሲመጣ ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ብዙ ሰው እንደሚኖር ለመገመት አያዳግትም።

የፍርዱ ዋና ውጤት ግን ገንዘቡ አልነበረም። ዳኞቹ ባለአንድ መኪናው ሰው ነጋዴ አይደለም ቢሉ፣ ኩባንያው «እንግዲያው ነጋዴ ከሆነ ሰው ጋር ብቻ እዋዋላለሁ» የሚለውን መንገድ መረጠ። አስቀድሞ በአንዳንድ ግዛቶች የጀመረውን አሠራር አስፋፍቶ እስከ 2020 ድረስ በመላው አገር አዳረሰው። በአዲሱ ውል ተቋራጩ በሕግ የተመዘገበ ድርጅት መሆን፣ ብዙ መሥመሮችን አንድ ላይ መያዝ፣ ሾፌሮቹንም በደመወዝ ቀጥሮ ግብራቸውንና የሥራ ጉዳት መድናቸውን መክፈል አለበት። በዚህም አንድ መኪና ይዞ የገባው ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ቀረለት፤ ተበድሮ የጎረቤቶቹን መሥመር መግዛት፣ ወይም የራሱን ለጎረቤቱ ሸጦ መውጣት። ወጥቶም በዚያው መሥመር ላይ የጎረቤቱ ተቀጣሪ ሾፌር የሆነ ይኖራል። ሕጉ ሊጠብቀው የተነሣለት ሰው ከመድረኩ የወረደው በዚህ አኳኋን ነው። የ1880ዎቹ ሦስት ወገኖች እንደገና ተሟሉ፤ መሥመሩ የኩባንያው፣ ውሉ የተቋራጩ፣ መሪው የሾፌሩ።

ለአዲሱ ተቋራጭ ሁኔታው ከፊተኛው ይሻላል ወይ ቢባል፣ በአንድ በኩል ይሻላል። አሥራ አምስት መኪና ያለው ሰው አንዱ ቢሰበርበት አሥራ አራቱ ይሠሩለታል፤ አንድ መካኒክ መያዝ፣ ጎማ በብዛት መግዛት፣ ከባንክ ጋር መነጋገር ይችላል። በሌላው በኩል ግን የሚሸጥለት አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ ውሉ በተወሰነ ጊዜ ይታደሳል፣ ላይታደስም ይችላል። ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ኩባንያው በሳምንት ሰባቱንም ቀን ዕቃ ለማድረስ ሲወስን፣ ጥቅሉ በሚያንስበት እሑድ መኪና አስነሥቶ ሾፌር የሚያሰማራው ተቋራጩ ነበር። ነዳጅና ደመወዝ በተወደደበት በ2022፣ ከ200 በላይ መሥመሮች የነበሩት አንድ ታላቅ ተቋራጭ የውሉ ዋጋ እንዲሻሻል ጓደኞቹን አስተባብሮ በአደባባይ ጠየቀ። ኩባንያው በኦገስት ወር ከሰሰው፤ ውሉንም አቋረጠ። በዚያው ዓመት የእሑዱ ሥራ በብዙ ቦታ እንዲቀነስ ተደርጓል፤ ስለዚህ ጥያቄው መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሁለት መቶ መኪና ያለው ሰው እንኳ መሥመሩ የእሱ አለመሆኑ በግልጽ ታየ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ኢትዮጵያውያንም ድርሻ አላቸው። በማርች 1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ በር ከከፈተላቸው ወዲህ በዋሽንግተን፣ በሲያትል፣ በዴንቨርና በሌሎች ከተሞች የሰፈሩት ወገኖቻችን አስቀድመው በመኪና ማቆሚያና በታክሲ ሥራ ተሰማሩ፤ ከዚያም ብዙዎች ከባድ መንጃ ፈቃድ አውጥተው ወደ ጭነት መኪና ተሻገሩ። ታክሲ የነዳ ሰው የባለመኪና ተቋራጭን ሕይወት ያውቀዋል። በሰው አገር የራስ ጌታ ከመሆን የሚበልጥ ክብር ጥቂት ስለሆነ «አለቃ የለብኝም» የሚለው ቃል ብቻ ብዙ ሰው ይስባል። የመኪናው ቅድሚያ ክፍያ ከባንክ ሳይሆን ከዕቁብ የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ነገሩ ከአንድ ሰው ኪሳራ በላይ ነው፤ ዕቁቡን በልቶ መኪናው የቆመበት ሰው የሚያፍረው በባንክ ፊት ሳይሆን በየሳምንቱ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ በሚያገኛቸው ዘመዶቹ ፊት ነው። ለዚህ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሚያስፈልገው ምክር የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆን የሒሳብ ባለሙያም ነው። መጠየቅ ያለበትም ቼኩ ስንት ነው ብሎ ሳይሆን፣ ውሉ ነገ ቢቀር ይህ መኪና ሌላ ምን ይሠራልኛል ብሎ ነው። ለጥያቄው መልስ ያለው ሰው ቢፈርም አያስፈራም፤ ሁለተኛ ደንበኛ ያለው፣ ወይም መኪናውን በጥሬ ገንዘብ የገዛ፣ ወይም መሥመሩን ሲገዛ የሚሸጥበትን ቀን አስቦ የገዛ እንደ ሆነ ውሉ መልካም መሰላል ሊሆነው ይችላል። በብድር የተገዛ አንድ መኪናና አንድ ደንበኛ ብቻ ላለው ሰው ግን፣ ደመወዙ ቢያንስም የቡናማው መኪና ሾፌር መሆን ይሻለው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጁን 2018 አማዞን የራሱን የማድረሻ ሥራ በኮንትራት ሲያደራጅ፣ ተቋራጩ መኪና እንዲያመጣ እንኳ አልጠየቀም። እስከ 40 የሚደርሱ መኪናዎችን በኪራይ የሚያስተዳድር ሰው ከ10,000 ዶላር ጀምሮ ባለው መነሻ ሥራውን ሊይዝ እንደሚችል አስታወቀ። የመኪናው ዕዳ ከትከሻው ቀለለለት፤ ሲወጣ የሚሸጠው ንብረት ግን ከእጁ ጠፋ።

የቀድሞው ባለመኪና ቢያንስ ያ ቀርቶለት ነበር። ውሉ ባበቃ ዕለት የፌዴራሉ ደንብ እንደሚያዘው የኩባንያውን ስምና ምልክት ከመኪናው ላይ ያነሣል፤ የባርኮዱን ማንበቢያ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ በኩባንያው ልክ የተሠራው መደርደሪያ፣ ኩባንያው የመረጠው ነጭ ቀለምና የቀረው የባንክ ዕዳ የራሱ ናቸው።